የሁዳዴ ቅልጥም

እናቴ ወይዘሮ ትርሓስ የቅበላ ማግስት፣ ሰኞ በጠዋቱ፣ ሰባት ኪሎ የበሬ ቅልጥም ከፍሪዘር አውጥታ ጣለችብኝ። ዘመኑ 2008 ነው።

ቅልጥሙ ለመብል አልነበረም። ሁለተኛ ዲግሪዬን የምሠራው ከከብት አጥንት የሰው አጥንት መጠገኛ በማዘጋጀት ነው። ሥጋ ቤት የሚጥለውን አጥንት ቀቅዬ፣ ስቡን አስለቅቄ፣ በዘጠኝ መቶ ዲግሪ አቃጥዬ ነጭ ዱቄት አደርገዋለሁ። አንድ ቀን ሐኪም የተሰበረ አጥንት ክፍተት ይሞላበታል ተብሎ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ልፋት። ማቃጠያ ምድጃው አንድ፣ ተራ ጠባቂው ብዙ ነው። የእኔ ተራ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ካለፈኝ ሰኔ ነው፤ ሰኔ ማለት ደግሞ ምረቃዬ በአንድ ዓመት ተገፋ ማለት ነው።

ሁዳዴ ሲገባ የካዛንቺስ ሥጋ ቤቶች እንደሚዘጉ ስለማውቅ፣ በቅበላው እሑድ ኡራኤል ካለው ደንበኛችን ከጋሽ ገብረሃና ለምኜ አመጣሁና ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። ብልህ ነኝ ብዬ ነበር። እማዬ ግን ጾሙ ሲገባ ድስት የምትፈገፍግ፣ ማንኪያ የምትቀቅል፣ የተረፈ ወጥ ለውሻ የምትደፋ ሴት ናት። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን መርሳቴ እስካሁን ያናድደኛል።

ደሜ ፈላ። በዚያ ሙቀት የተቃጠለ አጥንት ስብ የሚባል እንደማይቀረው፣ ጾምም ፍስክም እንደማይባል አስረዳኋት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፍሪጁን እየወለወለች፣ «ሁዳዴ ገብቶ ቅልጥም ቤቴ አያድርም» አለች። ሮጬ ገንዳው ጋ ስደርስ የሰፈሩ ውሾች ተካፍለው ጨርሰዋል።

ማክሰኞ ላንቻ ሄድኩ። እዚያ አንድ የሙስሊም ሥጋ ቤት አለ፤ የእኛ ጾም አይመለከተውም። ልገባ ስል ግን የእማዬ ማኅበርተኛ ወይዘሮ ሀብትነሽ በሩ አጠገብ ታክሲ ሲጠብቁ አየሁና ከመንገዱ ማዶ ቀረሁ። የክርስቲያን ልጅ፣ በሁዳዴ፣ ከዚያ ቤት ፌስታል ይዛ ስትወጣ ከታየች ወሬው ቀድሟት ቤት ይገባል። እሳቸው ሲሄዱ ሌላ የማውቀው ሰው መጣ፤ እሱ ሲሄድ ሌላ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተገትሬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ስለ ዘጠኝ መቶ ዲግሪ እናቴን ሳስተምር የነበርኩት እኔው ነኝ እንግዲህ! በራሴ አፈርኩ፤ ንዴቴ ግን ዞሮ ዞሮ እማዬ ላይ አረፈ። አጥንት የትም የለም ብዬ ዋሸኋት። ዓመቴ ገደል ገባ፣ ጽዳትሽ አስመረቀኝ ብዬም አሽሟጠጥኩባት።

ረቡዕ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እማዬ ነጠላዋን እንደተከናነበች ደጃፉ ላይ ቆማለች። እግሯ ሥር ትልቅ ጥቁር ፌስታል ተቀምጧል።

«ቤት አይገባም» አለችኝ። «ከዚሁ ውሰጂው።»

ፈታ አድርጌ አየሁት። ቅልጥም ነው፣ እስከ አፉ የሞላ። ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኳት።

«ከላንቻ ነዋ። ማዶ ተገትረሽ ስታዪው ከዋልሽበት። ሀብትነሽ አይታሽ ገና ቤት ሳትገቢ ነግራኛለች።»

ፊቴ ጋለ። ውሸቴን ታውቅ ነበር ማለት ነው፤ ማታ ስሰድባት ቁጭ ብላ የሰማችኝ እያወቀች ነው።

«አንቺንስ ሰው አላየሽም?» አልኳት።

«እንዴት አያየኝም? ሀብትነሽን ራሷን ይዣት ነው የገባሁት። ይሄን ሁሉ ብቻዬን እችለዋለሁ?»

ፌስታሉን አነሳሁት፤ ይከብዳል። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ታክሲ ሳይጠፋ ቶሎ ሂጂ አለችኝና እጇን ልትታጠብ ገባች።