በበጋ የነጎደው ጉና

ትሁንን ጥያቄ ያስለመዳት ያች ሰዓት ናት እላለሁ እኔ። ሰዓቷ የመምህር አስረስ ናት። የሚዞር ቆጣሪ የላትም፤ ቁጥሯ በመስታወቷ ላይ እየተለዋወጠ ይሮጣል። ዲጂታል ይሏታል። መምህሩ ልጆቹን ከክፍል አውጥቶ አጥሩ ጥግ ያቆማቸውና፣ ከወንዙ ማዶ ባሕር ዛፍ የሚፈልጠውን ሰውዬ እዩ ይላቸዋል። መጥረቢያው ያርፋል፣ ድምፁ ግን ዘግይቶ ይመጣል። ለምን? መልሱን አይነግራቸውም። ሰዓቲቱን በተራ ያስይዛቸውና ራሳችሁ ለኩ፣ ራሳችሁ ድረሱበት ይላቸዋል። የልጅ ልጄ ትሁን፣ ቤት ገብታም አታርፍ፤ ውሻው ሲጮኽ፣ ደወሉ ሲደወል፣ ከየት መጣ፣ ምን ያህል ይርቃል እያለች ታደርቀኝ ነበር።

መማር ጠልቼ አይደለም። እኔም በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ዛሬ ዳዊቴን አነባለሁ። ግን የልጅቷ አባት፣ ልጄ ታደሰ፣ በዚያ በቀይ ሽብሩ ዘመን ስብሰባ መካከል እጁን አንሥቶ አንዲት ነገር ጠየቀ። በማግስቱ ከቤት ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ትሁን ያን ጊዜ ጡት አልጣለችም። መምህሩን ገበያ ላይ ሳገኘው ይህንኑ አጫወትሁት፤ መልሱን ንገራትና ቁጭ ትበል፣ አታስጠይቅብኝ አልሁት። ጎንበስ ብሎ ሰማኝ።

"እማማ ጥሩወርቅ፣ ከነገርኋት የእኔን ታውቃለች። ከለካች የራሷን ታውቃለች" አለኝ።

የራሷን ማወቋን አይደል እኔስ የፈራሁት።

ታኅሣሥ ገባ። ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን በጉና ተራራ በኩል ብልጭ ይል ጀመር። ቆይቶ፣ ቆይቶ ድም ይላል። በበጋ ነጎድጓድ ማን ሰምቶ ያውቃል? እኔ ብልጭታውን ሳይ አማትቤ መቁጠሪያዬን እይዛለሁ፤ ድምፁ እስኪደርስ ብዙ ፍሬ እገፋለሁ። ትሁን ደግሞ የሰዓቲቱ ተራ ደርሷት ኖሮ ደጅ ቆማ ቁጥሩን ታያለች። አንድ ማታ ገብታ፣ እምዬ፣ ከትናንቱ ቀርቧል አለችኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ዋጪው አልኋት።

ሳምንቱ ሳያልቅ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ሊቀ መንበሩ ፈንታሁን የጎረቤት ልጅ ነው፤ አዝዬው አድጓል። የምትሰሙት የመንገድ ሠራተኛ ድንጋይ ማውጫው ካባ ላይ ዓለት በድማሚት ሲያፈርስ ነው አለ። ድማሚት የሚያስበረግገው ካለ ከፍየሎቹ ጋር ይሰለፍ ብሎ ሰዉን አሳቀ። ቀጥሎ ፊቱን አጠቆረና፣ ሌላ ስም የሚሰጠው አሉባልተኛ ነው፣ የወንበዴ ጆሮ ነው፣ እርምጃ ይወሰድበታል አለ።

ከጎኔ አንዲት ቀጭን እጅ ተነሣች። ላወርዳት ስል ተነሥታ ቆማለች።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ካባ ይሄዳል እንዴ? ድምፁ በየማታው እየቀረበ ነው።"

ጥቂቶች ሳቁ፣ ሳቃቸው ግን መካከል ላይ ተቆረጠ። ፈንታሁን በዝግታ ጠየቃት።

"መቅረቡን በምን አወቅሽ? ማነው ያስተማረሽ?"

መምህር አስረስ ከግድግዳው ጥግ ከወንበሩ ብድግ ሊል ሲል አየሁት። ትሁንም አፏን ከፍታለች። እጇ ላይ ሰዓቲቱ አለች፤ በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኋትና ቀድሜያቸው ቆምሁ።

"ልክፍት ነው ልጆቼ። ከመስከረም ጀምሮ ድምፅ ይሰማታል፤ ጠበል ላስገባት ነው። አባት የሌላት ናት፣ ማሩልኝ።"

ፈንታሁን ልጅቷን፣ እውነት ነው፣ ታመሻል ወይ አላት። መምህሯን አየችው፤ እኔን አየችኝ። አዎ አለች። ከኋላ አንዱ፣ የሚሄደው ካባው ሳይሆን የልጅቷ ጭንቅላት ነው አለ፤ አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ውሸት ምስክር ይፈልጋልና ጠበሉን እውነት አስገባኋት፤ በዚያ ብርድ፣ ጎረቤት እያየ። ሰዓቲቱን ጎተራ ውስጥ ገብሱ ሥር ቀበርኋት። ማንም አልመጣብንም። መምህሩም ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ከክፍል አላወጣም፤ መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስገለብጣቸዋል አሉ። ዛሬም ቢመጣብኝ እንዲያው አደርጋለሁ፤ ልጅቷ በሕይወት አለችልኝ።

ግን ጥያቄዋ ጠፋ። ወደ ማታ ጀርባዋን ለጉና ሰጥታ ትቀመጣለች። ፊቴን አዙሬ የማየው፣ የምቆጥረውም እኔ ሆንሁ። የምገፋው ፍሬ ከቀን ወደ ቀን እያነሰ መጣ። የጎረቤታችን የእቴነሽ ቤት ተዘግቶ አደረ። በጓሮ ወደ ሐሙሲት ወርደዋል የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ፤ መንገዱ ደግሞ ጥበቃ አለበት፤ ሲሸሽ የተያዘ አይመለስም ይባላል። መቅረቱም መሄዱም አስፈራኝ።

ትናንት ምሽት ብልጭ ሲል ጥቂት ፍሬ ሳልገፋ ድምፁ ደረሰ። ሄጄ እጄን ገብሱ ውስጥ ከተትሁ። ሰዓቲቱ አልቆመችም፤ ቁጥሯ በጨለማ ሲሮጥ ኖሯል። አምጥቼ የትሁን ጉልበት ላይ አኖርሁላት።

"ትሁንዬ፣ ለኪልኝ። ስንት ቀርቶታል? እንውጣ ወይስ እንቆይ?"

ሰዓቲቱን አላነሣችም። አልተቆጣችም፣ አላሾፈችብኝም፤ ከሰሌዳ የገለበጠችውን እንደምታነብ ሆና መለሰችልኝ።

"ጠበሉ አሽሎኛል እምዬ። ምንም ድምፅ አይሰማኝም።"

የግድግዳው ስንጥቅ በብርሃን ተሰመረ። ጣቴን የመጀመሪያው ፍሬ ላይ አሳረፍሁ፤ ሁለተኛውን ሳልነካ በሩ ተንቀጠቀጠ።