ዌንቢ የሚባል ስም

ኦስበርት ሲብልን ከወደዳት ቆይቷል። ሠርጉ ሲቃረብ የጨነቀው የስሙ ነገር ነው።

የሲብል ቤት ከመንደሩ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ስለሆነ በዚያ ቤት የሚኖር ሁሉ አትዌል ይባላል፤ ባለ ጉድጓዱ እንደማለት። የሞተው ባሏም አትዌል ነበር። መሬት ያላትን መበለት የሚያገባ ወንድ ደግሞ ከመሬቱና ከላሞቹ ጋር ስሙንም ይረከባል። በእንግሊዝ ገጠር ደንቡ ይኸው ነው፤ አይኑን አፍጥጦ የሚከራከር የለም።

ኦስበርት እስካሁን የሚጠራው ኦስበርት ዌንቢ ተብሎ ነው። ዌንቢ ከኮረብታው ማዶ የነበረች መንደር ናት። ወረርሽኝ ገብቶ እናቱን፣ እህቶቹንና ጎረቤቱን ሁሉ ጠርጎ ወስዶ እሱን ብቻ አስቀረው። ቤቶቹን ሳማ ውጧቸዋል። የመንደሯ ስም የሚነሳው እሱ ሲጠራ ብቻ ስለሆነ፣ "ዌንቢ! ና እስቲ ይችን ጋሪ ግፋልን" ሲሉት እንኳ ደስ ይለዋል።

በሠርጉ ዋዜማ አንጥረኛው ሂዩ መንገድ ላይ ያዘው።

"እንዴት ዋልክ አትዌል! ሚስት፣ ላም፣ ስም፣ ሁሉንም ባንዴ! አንተስ ምን ይዘህ ልትገባ ነው?"

"ጫማዬን።"

"እሱም ተቀዷል እኮ!"

ኦስበርት አብሮ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም።

ሲብል ላም እያለበች አገኛት። "ምነው ፊትህ ጠቆረ? ሐሳብህን ቀየርክ እንዴ?"

"ኧረ አልቀየርኩም። ግን ነገ አትዌል ከተባልኩ ዌንቢን ማን ይጠራታል? እናቴን ሁለተኛ የምቀብራት መሰለኝ።"

ሲብል ማለቧን ቀጠለች። ኦስበርት በሠርጓ ዋዜማ ያስከፋኋት መስሎት አፈረ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው መሬቱን ለመረከብ የባላባቱ ምስለኔ ፊት ቀረቡ።

"ሲብል አትዌልና ባሏ ኦስበርት አትዌል" ብሎ ጀመረ ምስለኔው።

"የለም ጌታዬ" አለች ሲብል። "ሲብል ዌንቢና ባሏ ኦስበርት ዌንቢ።"

ሰዉ አጉረመረመ፤ ምስለኔውም ተቆጣ። "አንቺ ሴትዮ፣ ቤቱ እኮ ያለው ጉድጓዱ አጠገብ ነው!"

"ጉድጓዱን የትም አልወስደውም ጌታዬ።"

"ለመሆኑ ዌንቢን አይተሻት ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

ምስለኔው ኦስበርትን አየው፤ ሰውዬው ቆቡን ይጨምቃል። "እንግዲህ ግብሩ ይግባ እንጂ ምን ብትባሉ ምን ቸገረኝ" አለና አሰናበታቸው። ከነሱ የተወለዱት ሁሉ ዌንቢ ተባሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኦስበርት እንባው አላቆም አለው። ሲብል ክንዱን ያዘችው።

"በል አሁን ንገረኝ፤ አገርሽ እንዴት ነው ቢሉኝ እንዳልደናገር። ከናንተ በር ስወጣ በቀኝ በኩል ማን አለ?"

"አሮጊቷ ኢዳ" አለ አፍንጫውን እየጠረገ። "ዝይዎቿ ግን ይናከሳሉ።"

"እንግዲያው በግራ በኩል እሄዳለኋ" አለች ሲብል።