የጦጣ ጠባቂው ፉጨት

የተሰበረ እግሯ ድኖ ወደ እንስሳት ማቆያው በተመለሰችበት ጠዋት፣ የወፎቹ ክፍል ጭር ብሎ ጠበቃት። ፊንች የሚባለው ሽማግሌ ዘማሪ ወፍ ሞቷል። ጫጩት ልጁም ከጎጆው የለም።

ደሟ ፈላ። እሷ ወፎቹን፣ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ጦጣዎቹን የሚንከባከቡ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ቤት ስትተኛ አደራ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጫጩቱን ከአባቱ እንዳይለየው። የሽማግሌውን ዜማ የሚያውቅ ሌላ ወፍ አልቀረም፤ ልጁ ካልወረሰው ማን ሊያዜመው ነው? ወንድምየው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። በስልክ ስትጠይቀውም «ሁሉም ሰላም ነው» ሲላት ከረመ።

ጫጩቱን ጎርምሶ ያገኘችው የጦጣዎቹ ምግብ በሚሰናዳበት ክፍል ውስጥ፣ ከካሮት ባልዲው በላይ በተሰቀለ ትንሽ ጎጆ ውስጥ ነው።

«ማን አምጣው አለህ?» ጮኸችበት።

«እትዬ፣ አባትየው እየነቆረ ሊገድለው ነበር እኮ! ጦጣም ግልገሉን ሲነክስ እናርቀዋለን። ምን አጠፋሁ?»

«ጦጣና ወፍ አንድ ናቸው?»

«ያቺን እናቷ የሞተችባትን ጦጣ ለብቻዋ በጡጦ አሳድጌያት የለ? ማንም ሳያስተምራት ይኸው እንደ ዘመዶቿ ትጮሃለች። እሱም ሲያድግ ያዜማል፤ ምን ያንጨረጭርሻል?»

«ጦጣህማ ጩኸቷን ይዛው ተወለደች፣ አንተ ደንቆሮ! ወፍ ከአባቱ አፍ ነው የሚማረው፤ ያውም በጫጩትነቱ። አሁን አለፈው! እዚህ ተቀምጦ ማንን ሰምቶ ሊማር ነበር?»

ወንድሟ እንደ ልማዱ አቀርቅሮ ጎመኑን ማጠብ ጀመረ። በዚህ መሃል ፉጨት ተሰማ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ምግብ ሲደርስ ጦጣዎቹን የሚጠራበት የራሱ ፉጨት ነው። ጦጣዎቹ እየተጋፉ አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ።

እሱ ግን አላፏጨም። አፉን ከፍቶ ቀና አለ። ከባልዲው በላይ ጎረምሳው ወፍ ጉሮሮውን ነፍቶ ደገመው፤ ሠለሰው። ምግብ ያጡት ጦጣዎች አጥሩን እያነቃነቁ ግቢውን በጩኸት ቀወጡት።

«እትዬ፣ በናትሽ አንድ ነገር አድርጊ» አለ።

«ምን ላድርግ? እስኪሞት የሚያዜመው ይህንኑ ነው። አባቱ አንተ ነህ፤ ስማው!»

በሩን በላዩ ላይ አላትማበት ወደ ወፎቹ ክፍል ተመለሰች። ከባዶው ጎጆ አጠገብ ተቀምጣ በንዴት አለቀሰች። ፉጨቱ እዚያም ድረስ ይሰማ ነበር።