ከኔ ቤት እንዳይበልጥ

ባሌ ሸምሱዲን ለጣውንቴ ሊገዛ ያሰበውን ቤት እንድገመግምለት እኔኑ ይዞኝ ሄደ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ሰውየው ያበደ ይመስለዋል። አላበደም፤ አላህን የሚፈራ ሰው ነው፣ የኔም መከራ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በሚስቶቹ መካከል ያዳላ ባል በቂያማ፣ በፍርድ ቀን፣ ጎኑ አጋድሎ ይነሣል የሚለውን፣ ሱሪያኒን ባገባ ሰሞን አንድ ሼህ ነገሩት። ከዚያ ወዲህ ሰውነቱን ትቶ ሚዛን ሆኗል። ለእሷ ሽቶ ከገዛ ለኔም ያንኑ ሽቶ፣ ለኔ የዱሪያን ፍሬ ካመጣ ለእሷም የዚያኑ ያህል። አዳሩም በተራ ነው። ጡረታ እስኪወጣ የመሬት ቀያሽ ስለነበር ሜትር ከኪሱ አይለይም፤ አንዳንዴ ፍቅሩንም በሱ የሚለካው ይመስለኛል።

«ሮጋያ፣» አለኝ ቁርስ ላይ፣ ሩዙን እየጎረሰ። «የግንበኛ ልጅ ነሽ። ቤት ማየት ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ፔታሊንግ ጃያ ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት አግኝቻለሁ፣ ለሱሪያኒ። መጥተሽ እዪልኝ።»

«እኔ ምን አገባኝ?»

«እንዴት አያገባሽም? ካንቺ ቤት የሚበልጥ ከሆነ አልገዛውም። ግፍ ነው። ካነሰ ወይም ከተካከለ ግን እገዛዋለሁ። እስከ መቼ በኪራይ ትኑር? የሕንጻው ሊፍት እንደሆነ ሁሌ ብልሽት ነው፣ ጉልበቷ አለቀ።»

ጉልበቷ ይለቅ አልኩ በሆዴ። አፌ ግን እሺ አለ፤ ምክንያቱም ፔታሊንግ ጃያ ሲል አንጀቴ እርር ብሏል። ልጆቻችን ትንንሾች ሳሉ እዚያ ሰፈር ቤት ግዛልኝ ብዬ ያልለመንኩት ልመና የለም። ዛፉ፣ ገበያው፣ ከመስጊዱ በእግር መመለሱ። «አሮጌ ቤት በጥገና ይበላናል፣ አዲስ ይሻላል» ብሎ ከሻህ አላም ከተማ ወዲያ ማዶ ወስዶ ከተተኝ፣ ግድግዳ እየተጋሩ ከተደረደሩት ፎቅ ቤቶች ውስጥ አንዱ ላይ። እኔም እልህ ይዞኝ በዚያ ቤት ስኮራ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ። ዘመድ በመጣ ቁጥር «ፎቅ ነው፣ ወደ ላይ ውጡና እዩት» እላለሁ። ሱሪያኒ የመጣች ቀንማ ደረጃውን ሁለቴ አስወጥቻታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም በአንድ መኪና ሄድን። የቤቱ ባለቤት ፓኪያም የሚባሉ ታሚል አሮጊት ናቸው፤ ባላቸው ሞተው፣ ፔናንግ ያለችው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ቤቱን ለሽያጭ ያቀረቡ። በር ላይ ጫማችንን ስናወልቅ ቆመው አዩንና፣ «ሚስትየዋ የትኛዋ ናት?» አሉ።

«ሁለታችንም ነን፣ እማማ» አልኳቸው።

«ውይ። ታዲያ ባልየው ወዴት ነው የሚያድረው?»

«በወረፋ ነው፣ እንደ ሐኪም ቤት።»

አሮጊቷ ሳቁ። ሱሪያኒም ሳቀች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ሳቋ ያምራል፤ እሱንም ልብ አልኩት፤ ልብ ማለቴም አናደደኝ።

ሥራዬን ጀመርኩ። አባቴ እንዳስተማረኝ ሳንቲም አውጥቼ ወለሉን መታ መታ አደረግሁ፤ ከሥሩ ባዶ የሆነ ወለል ድምፁ ያሳብቃል። የድሮ ቴራዞ ነው፣ ጠጠር በሲሚንቶ ተለውሶ የተወለወለ፣ ከዳር እስከ ዳር ድፍን፣ ለባዶ እግር ቀዝቀዝ የሚል። የኔ ቤት ሳሎን ውስጥ ግማሹ ንጣፍ ሲረግጡት ይንቋቋል። የበሮቹን መቃን በጥፍሬ ጫር ጫር አደረግሁ፣ የምስጥ መንገድ ፍለጋ። ምስጥ ጥርሱን የሚሰብርበት እንጨት ነው፣ ዛሬ በወርቅም አይገኝ። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ አሸተትኩ፤ ሻጋታ የለም። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ባልዲ ውኃ ደፋሁ፤ አንድ ጠብታ ሳይቀር ሰተት ብሎ ወደ ቀዳዳው ሄደ። ባሌ ከኋላዬ ሜትሩን እየጎተተ ክፍል ለክፍል ይለካል። ሱሪያኒ ደግሞ እንደ እንግዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ቤቱን የምትወደው መሆኗን እንዳላይባት ዐይኗን ትሰብራለች። አየሁባት።

ወጥ ቤቱ ጋ ስደርስ ግን አልቻልኩም። የኔ ወጥ ቤት ፊቱን ወደ ምዕራብ ነው፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ፀሐዩ እዚያው ድስት ውስጥ ይጨምረኛል። ይሄኛው በጓሮ በኩል ይከፈታል። ትንሽዬ ግቢ፣ ፍሬው የተንዠረገገ የራምቡታን ዛፍ፣ አጠገቡ የካሪ ቅጠል። ነፋሱ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሱሪያኒ እዚህ ቆማ ዓሣ ስትጠብስ፣ እሱ መጥቶ ከኋላዋ ቆሞ «ምን ሸተተኝ?» ሲላት ታየኝ። ደሜ ፈላ።

ደሜ ሲፈላ ደግሞ አፌ አያርፍም።

«ጠባብ ነው» አልኩ።

«አይደል?» አለ ባሌ።

«የኤሌክትሪኩ ሽቦ የጥንት ነው፣ ሁሉም ተነቅሎ መቀየር አለበት። የመኪና መግቢያው በር ዝጓል። መኝታ ቤቱ አልጋ ከገባበት ሰው አይገባበትም። ደግሞ ፎቅ የለውም፣ መሬት ላይ የተደፋ ቤት ነው። የጣሪያውም ሸክላ አርጅቷል፤ ዝናብ ሲመጣ ታየዋለህ።»

አንድ እንከን በተናገርኩ ቁጥር የባሌ ፊት እየበራ ሄደ። እኔ በንዴት የተቃጠለ መስሎኝ እንጨት እጨምራለሁ። በመጨረሻ ወደ ሱሪያኒ ዞሮ፣ «ሰማሽ? እትዬሽ ራሷ ናት ያለችው፤ ከሷ ቤት በብዙ ያንሳል። እንግዲህ ማንም አዳላህ ሊለኝ አይችልም» አላት።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያጣጣልኩት ሁሉ ለሷ ማስገዣ ሆኗል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ቤቱን ላስቀርባት ከፈለግሁ የቀረኝ አንድ መንገድ ነው፦ ከዚህ ቤት የኔ ያንሳል ብዬ እሷው ፊት መናገር። ከዚያ ምላሴን ብውጥ ይሻለኛል።

ዝናቡ መጣ። አንዲት ጠብታ፣ አላህ ሆይ፣ አንዲት ጠብታ ብቻ ብዬ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ። ያ ያረጀ ሸክላ ምን ሊያፈስ፤ ዝናቡ ላዩ ላይ ደስ የሚል ድምፅ እያሰማ ወረደ። እማማ ፓኪያም ሻይና ሙሩኩ የሚባለውን ጥብስ ብስኩት አቀረቡልን። በአጥሩ በኩል አንዲት ቻይና ጎረቤት ጃንጥላ ይዛ ብቅ አለችና በሳህን የተሸፈነ ነገር አቀበለቻቸው፤ «ትኩስ ነው፣ ዛሬ እግርሽ እንዴት ዋለ?» እያለች። እኔ ጋ በቀኝ በኩል ካለው ጎረቤቴ ጋር የምንተዋወቀው በቆሻሻ ከረጢት ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ምናልባት እችለው ነበር። ሸምሱዲን ግን የአሮጊቷን የቀርከሃ ወንበር አንሥቶ ጓሮው በር ላይ አስቀመጠው። ተቀመጠ። እግሩን ዘረጋ። ራምቡታኑን የሚያጥበውን ዝናብ እያየ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ «እዚህ ጋ ነው የማረጀው» አለ።

ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። በኔ ቤት ይህን የመሰለ አቀማመጥ ተቀምጦ አያውቅም። እኔ ጋ ሲቀመጥ የመኪናውን ቁልፍ እጁ ላይ እያሽከረከረ፣ ቴሌቪዥን ፊት ነው፤ ባቡር የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። ያኔ ቅናቱ ከሱሪያኒ ላይ ተነሥቶ ወንበሩ ላይ ዐረፈ፤ በወንበር መቅናት ምን እንደሚመስል የደረሰባት ታውቀዋለች።

«እንግዲህ ሮጋያ፣» አለ ባሌ ሻዩን ጨርሶ፣ «እማማ ፓኪያም ምስክር ናቸው። ፍርድሽን ተናገሪ። ቤቱ ካንቺ ቤት ያንሳል፣ አይደል?»

ባዶውን የሻይ ብርጭቆ እጄ ላይ አዞርኩት።

ሱሪያኒ አሳዘንኳት መሰለኝ ሻዬን እየጨመረችልኝ፣ «የእትዬ ቤትማ ፎቅ ነው፣ በምን ይወዳደራል! ይሄ ለኔ ዓይነቷ ነው። እርስዎ ይሁን ካሉ ይበቃኛል» አለችኝ።

ብትፎክር ይሻለኝ ነበር። ትሕትናዋ እንደ በርበሬ ገባብኝ።

«ይበልጣል» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አለ ባሌ።

«ከኔ ቤት ይበልጣል። ወለሉ ይበልጣል፣ እንጨቱ ይበልጣል፣ ነፋሱ ይበልጣል። ጎረቤት አለው። የኔን ቤት ብትሰጠውና ሌላ ብትጨምርበት ይሄን አያክልም።»

«አሁን ጠባብ ነው አላልሽም?»

«ዋሽቼ ነው።»

ሱሪያኒ ሻይ መቅጃውን አስቀምጣ አንገቷን ደፋች። ዐይኗ እንባ ሞላ። ደስ አለኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ደንግጬ ነበር ትል ይሆናል፤ እኔን ደስ አለኝ።

ሸምሱዲን ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ለአሮጊቷ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ አልገዛም» አላቸው።

«ምን ጎድሎበት?»

«ምንም አልጎደለበትም። በጣም ጥሩ ሆነብኝ።»

እማማ ፓኪያም አንድ በአንድ አዩን። «ይሄን ያህል ዘመን ኖሬ» አሉ፣ «ዕቃ ጥሩ ነው ተብሎ ሲመለስ ገና ዛሬ አየሁ።»

ወደ መኪናው ተመለስን። እኔ ድሌን እያላመጥኩ በመስኮት ዛፎቹን አያለሁ። አውራ ጎዳናው ላይ ስንደርስ ባሌ በድንገት መሪውን በመዳፉ መታ አደረገ።

«አገኘሁት!»

«ምኑን?»

«እኩሉን ቤት ነዋ! ካንቺ በቀኝ በኩል ያለው ጎረቤትሽ ትናንት የሽያጭ ማስታወቂያ በሩ ላይ ሰቅሏል። አንድ ተቋራጭ ነው የሠራቸው፣ በአንድ ፕላን። በር በበር፣ መስኮት በመስኮት አንድ ነው። ከዚህ በላይ ፍትሕ ከየት ይመጣል? መገምገምም አያስፈልግም።»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልበል? ያ ቤት አይረባም ብል፣ ሠላሳ ዓመት የኮራሁበት ቤቴ ነው። ጥሩ ነው ብል፣ ይገዛዋል። ቅድም ደግሞ ይበልጣል ብዬ ምስክር ፊት ተናግሬያለሁ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሱሪያኒ ከኋላ ሆና ቀስ ብላ፣ «እትዬ ካልከበዳቸው» አለች።

ገዛው። አሁን ጎረቤቴ ናት። እንደ ሥነ ሥርዓቱ የገባች ቀን ሩዝና ጨው ይዤላት ሄድኩ፤ ደረጃውንም ወጥቼ አየሁላት። በእርግጥም አንድ ነው፤ የሚንቋቋው ንጣፍ ሳይቀር።

ተቋራጩ ግን ቤቶቹን ሲሠራ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ፊት ለፊት እንደሚተያይ መስተዋት ነው የሠራቸው። ስለዚህ የኔ ወጥ ቤትና የሷ ወጥ ቤት የሚለዩት በአንድ ግድግዳ ነው፣ ያውም በቀጭን። በሷ ተራ ከሰዓት በኋላ ቆሜ ስከትፍ ባሌ ወዲያ ማዶ ሲያወራ እሰማዋለሁ። የሚለው አይሰማም፤ ማውራቱ ነው የሚሰማው። ያወራል፣ ያወራል፣ እሷ ትስቃለች፣ እንደገና ያወራል። እኔ ጋ ያ ሰው ጨው የት ነው ከማለት አልፎ አያውቅም። ይህን ያህል ወሬ በውስጡ መኖሩን የሰማሁት በግድግዳ ነው።

ብዙ ቀን ቻልኩት። በኋላ አላስችል አለኝና በኔ ተራ ምሳ ላይ፣ «እዚያ ቤት ከሷ ጋር የምታወራው ምንድን ነው? እኔን አታወራኝም» አልኩት።

ሸምሱዲን ማንኪያውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ እውነተኛ ድንጋጤ አየሁ፤ ያ የሚፈራው ቀን የመጣበት መሰለው። «እውነትሽን ነው» አለኝ። «ልክ ነሽ ሮጋያ። ይሄን አላሰብኩትም ነበር።»

ተራዬ እንደገና ሲደርስ፣ ከእኩለ ቀኑ የዝሁር ሶላት እንደተመለሰ ቴሌቪዥኑን አልከፈተም። ቀጥ ብሎ ወጥ ቤቴ ገባ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገና ሰዓቱን አየት አደረገ።

«እሺ፣» አለኝ፣ «ምን እናውራ?»