ስለ ሐኪም ዝም ያለው መጽሐፍ

ደሴት የሚባል ነገር ቤት ውስጥ ከተነሣ ጀምሮ ለወይዘሮ ሸዋረገድ እህል አልወረደላቸውም። አማቻቸው በፈቃዱ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ለሰመር ግሪክ አገር፣ ሜዲትራንያን ባሕር መሐል፣ ጭብጥ ወደምታህል ደሴት ሊሄድ ሆቴል ቡክ አድርጓል። ይሂድ። ባሕር ያየ ሁሉ አይሞትም። ነገር ግን የልጅ ልጃቸው ማኅደር አስም አለባት። ባለፈው የበረዶ ወራት፣ በሰው አገር በሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ትንፋሿ ተይዞ፣ በአፏ የምትስበው መድኃኒት፣ ኢንሄለሩም፣ እንቢ ብሎ ከንፈሯ ሲጠቁር፣ አምቡላንሱ ባይደርስላት ኖሮ ዛሬ የሚወራው ሌላ ነበር። ሸዋረገድ ያ ከንፈር ዓይናቸው ላይ እንዳለ ነው። እዚያስ? ዙሪያው ውሃ ነው፤ ልጅ ታቅፎ ወዴት ይሮጣል?

በፈቃዱ አገር የሚያስጎበኝ መጽሐፍ ገዝቶ መጣ። ሽፋኑ ያብረቀርቃል።

"እማማ፣ ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ አለ፤ ይረጋጉ።"

"ሐኪሙስ?"

"ይኖራላ።"

"ይኖራላ ብሎ ነገር ምንድን ነው? ወይ አለ ወይ የለም።"

ልጃቸው መዓዛ አገላብጣ አየችው። ባሕሩ ያምራል፣ ዓሣው ይጣፍጣል፣ ሕዝቡ ደግ ነው፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ታፈዛለች ይላል። ስለ ሐኪም አንድ ቃል የለም። ሸዋረገድ በልጅነታቸው ሽማግሌ ተልኮ ሙሽራ ሲሞገስ ሰምተዋል። እንከን የማይወጣለት ሙሽራ ኋላ ሰካራም ሆኖ ነው የሚገኘው።

"ይሄ መጽሐፍ ደላላ ነው" አሉ። "አንድ ምስክር አይበቃኝም። ሌላ ይምጣ።"

ቅዳሜ ጠዋት ማኅደርን ለጎረቤት ትተው፣ በፈቃዱ እያጉረመረመ ከቤታቸው ብዙ በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ከተማ ወዳለ ያገለገለ መጽሐፍ መሸጫ ወሰዳቸው። መዓዛ ስለዚያችው ደሴት የሚያወራ ሌላ መጽሐፍ አገኘች፤ ጠርዙ የተበላ፣ ሥዕል የሌለው፣ ገጹ የወየበ። ጥግ ላይ ተቀምጣ እየተረጎመች ታነብላቸው ጀመር።

"መንገዱ ጠባብ ነው ይላል። በበጋ ውሃ ይጠፋል። ወደቡ ላይ ያለው ምግብ ቤት እንግዳ ያታልላል ይላል።"

"ይሄስ የማይዋሽ ሰው ነው። ቀጥዪ" አሉ ሸዋረገድ።

ሸዋረገድ የሚያዩት መጽሐፉን አይደለም፤ ፊደሉ ለእርሳቸው የጉንዳን መንገድ ነው። የሚያዩት የልጃቸውን ዓይን ነው። ዓይኗ ወደ ታች ወረደ፣ ቆመ፣ ተመልሶ ያንኑ አየ። አፏ ግን ዝም አለ። ከዚያ ገጹን ገለጠችና "ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ" ብላ ቀጠለች።

ሸዋረገድ ይህንን ዓይን ያውቁታል። ወንድማቸው ልሳነወርቅ አዲስ አበባ ሲሞት፣ ቤተሰቡ ሁሉ "ትንሽ አሞታል" እያለ ከፋሲካ እስከ መስቀል ደብቋቸው ከርሟል። "ተሻለው?" ሲሉ መዓዛ እንዲሁ ወለል ወለሉን እያየች "ተሽሎታል" ትል ነበር። የእኛ ሰው ክፉ ወሬ ለሽማግሌ አይነግርም፤ ዘሎት ያልፋል።

"ገጹን መልሺው።"

"እማዬ፣ ምንም የለውም።"

"የዘለልሽውን አንብቢ።"

"አልዘለልኩም እኮ።"

"ፊደል አላውቅም እንጂ አንቺን አውቅሻለሁ። ወንድሜ አፈር ገብቶ እኔን ስታጎርሱኝ ከርማችኋል። በልጅቱ አይሆንም።"

መዓዛ ገጹን መለሰችው። "ደሴቷ ላይ ሐኪም አይቀመጥም" ብላ አነበበች። "ከጎረቤቷ፣ ከትልቋ ደሴት፣ በጀልባ ይመጣል። ነፋስ ሲነሣ ጀልባው አይወጣም። ነፋሱ የሚብሰው ኦገስት ላይ ነው።"

እነሱም የሚሄዱት ኦገስት ነው።

በፈቃዱ መጽሐፉን ተቀብሎ የታተመበትን ዓመት አየ። "እማማ፣ ይሄ እኮ ማኅደር ሳትወለድ የታተመ ነው። አሁን ክሊኒክ ሠርተው ይሆናል።"

"ይኖራል፣ ይሆናል። አፍህ ሌላ ቃል አልፈጠረበትም?"

"ሆቴሉም ትኬቱም ሪፈንድ የለውም፤ የተከፈለው አይመለስም።"

"ልጅስ ሪፈንድ አላት?"

በፈቃዱ መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ወጣ። መኪና ውስጥ ሲገቡ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ሆቴሉን ኮል አደረገ። አንዲት ሴት አነሣች፤ መዓዛ ትተረጉማለች። "ሐኪም? አዎ፣ አዎ፣ ችግር የለም፣ ሁሉም አለ" አለች ሴትዮዋ። የበፈቃዱ ፊት በራ።

"ሰሙ፣ እማማ?"

ሸዋረገድ ሰምተዋል። ቤቷን የምታከራይ ሴት ጣራዬ ያፈስሳል አትልም።

"ልጅ አላት?"

"ምን ያደርግልዎታል?"

"ጠይቃት። ካላት የት እንደወለደች ጠይቃት።"

በፈቃዱ እያፈረ ጠየቀ። ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። ልጆች አሏት። እዚህ ደግሞ ማን ይወልዳል፣ አለች፤ ወሩ ሲቃረብ ትልቋ ደሴት ዘመድ ቤት ሄደን እንቀመጣለን። ነፋሱ ከዘጋብን ማን ይደርስልናል?

በፈቃዱ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። መኪናውን ግን አላስነሣም። እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቀረ። ሸዋረገድ ይህን ሲያዩ ይባስ ፈሩ። እስካሁን የአሮጊት ቅዠት ነው ብለው ራሳቸውን ሲያታልሉ ነበር።

"ትልቋ ደሴት ላይስ" አለ፣ "ሆስፒታል አለ ይላል መጽሐፉ?"

"እሱን አላየሁም" አለች መዓዛ። "መጽሐፉ ውስጥ ቀረ።"

"ሂጂ ግዢው።"

መዓዛ የመኪናውን በር ሳትዘጋ ሮጠች። ሸዋረገድ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ ያን ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳያነሣው እየተርበተበቱ፣ ዓይናቸውን ሱቁ በር ላይ ተከሉ።