የዝናሽ ደጋፊዎች

ዝናሽ የግል ዕጩ ሆና ለፓርላማ ልትወዳደር ነው ሲባል ሰፈሩ በአንድ አፍ «ይገባታል!» አለ። ኧረ ይኼ ሰፈር በምንም ተስማምቶ አያውቅም!

ዝናሽ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጡረተኛ ናት። እሷ ጡረታ ወጣች እንጂ አፏ አልወጣም። ቆሻሻ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ የሚደፋ፣ ባጃጁን የሰው በር ላይ የሚገትር፣ ሰው በሚያርፍበት በቀትር ሙዚቃ የሚያስጮህ ከእሷ አያመልጥም። «አንተ! ወንዙ የአባትህ ገንዳ ነው?» ስትል ከድልድዩ ማዶ ይሰማል። ደግሞ እውነቷን ነው። ታናሽ እህቷን ጎርፍ ከወሰደባት ወዲህ፣ ወንዙ ዳር ሳያልቅ የቀረው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ይሠራ እያለች ያላንኳኳችው ቢሮ የለም። «ይታያል» ይሏታል። ይታያል፣ ይታያል፣ ማን ነው የሚያየው? በመጨረሻ «ፓርላማ ገብቼ ራሴ አሳያቸዋለሁ!» ብላ ተነሳች።

ፓርቲ ለሌለው ሰው ግን መንገዱ በፊርማ ነው። የምርጫ ክልሉ ነዋሪዎች ስማቸውንና አድራሻቸውን ሞልተው «ይወዳደርልን» ብለው ካልፈረሙ ዕጩነት የለም። ያን ሁሉ ሰው ሰድባ ስታበቃ ማን ሊፈርምላት? ቅጹን በፌስታል፣ ጃንጥላዋን በእጇ ይዛ ወጣች።

ገና ከበሯ ሳትርቅ ባጃጁን ሰው በር ላይ የሚገትረው ዓዋሌ ራሱ አስቁሟት ፈረመ። ፈርሞም አልቀረ፣ «ኑ አቦ፣ ለዝናሽ ፈርሙ!» እያለ ጓደኞቹን ሰበሰበላት። እጣቢዋን መንገድ ላይ የምትደፋው ተሻለች ቤተሰቧን በሙሉ አሰልፋ፣ «አምስት ዓመት ሙሉ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀቻት። ሙዚቃ የሚያስጮኸው ናሁሰናይ ወንበር አውጥቶ ካስቀመጣት በኋላ «ጉዞው መቼ ነው?» አለ። ዝናሽ ሆዷ ባባ። ለካ ይህን ያህል ይወዷታል! እሷ ደግሞ እንዲያ ስትሞልጫቸው! ወይ ነዶ!

ቅጹ ሞልቶ ለምርጫ ቢሮ ገባ። በማስረከቢያው የመጨረሻ ቀን ግን ዱብ ዕዳ መጣ። ከፈራሚዎቹ አንዱ፣ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጥ ሰው፣ ቤቱ ከምርጫ ክልሉ ውጭ ሆኖ ተገኘ። «ቢሮው ሳይዘጋ አንድ ሰው ተኪ» አሏት።

እየሮጠች ሰፈሯ ደረሰች። ጊዜው ከምሳ በኋላ ነው፤ ድሬ በሯን ዘግታ ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ ጫቱ ላይ ነው። ያገኘችውም ሁሉ ቀድሞ የፈረመ ሆነባት። ክፍት የነበረው ከቤቷ ፊት ለፊት ያለው የፋራህ ሱቅ ብቻ ነው። ፋራህ ማለት ሱቁን ሲከፍት ጀምራ ስትጨቀጭቀው የምትውል ጎረቤቷ ነው። ፊርማ ስትጠይቀው ሁልጊዜ «ነገ» ይላታል።

«ፋራህ፣ ዛሬ ነገ የለም። ፈርም!»

«አልፈርምም።»

«ምን በደልኩህ? ዓዋሌ እንኳ ፈርሟል!»

ፋራህ ሳቀ። «ዝናሽ፣ ፓርላማው የት ነው ያለው?»

«አዲስ አበባ ነዋ!»

«በይ እንግዲህ! ሂጂልን ነው የሚሉሽ፣ ወላሂ።»

ዝናሽ የሩዝ ጆንያ ላይ ዘጭ አለች። አምስት ዓመት ሙሉ! ጉዞው መቼ ነው! እንባዋ መጣ። አፍራ ነው፣ ተናዳ ነው፣ እሷም አላወቀችው።

«ታዲያ አንተስ?» አለች በመጨረሻ። «ከሁሉም አብልጬ የምጨቀጭቀው አንተን ነው። ከነሱ ቀድመህ አትፈርምም ነበር?»

ፋራህ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ስሜን ጠርቶ የሚቆጣኝ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ? አንቺ ስትጮሂ ነው ነጋ የምለው። ሄደሽ ደግሞ ማን ሊጮህብኝ ነው?»

የዝናሽ ድምፅ ዝቅ አለ። «እህቴስ ፋራህ?» አለችው። «ግንቡስ?»

በዚያ ጎርፍ ማግስት እህቷን ፍለጋ አሸዋውን አብሯት ሲቆፍር የዋለው እሱ ነበር። ቅጹን ከእጇ ወስዶ ፈረመ።

«ይኸው ፈረምኩ» አለ። «ምርጫ ቀን ግን ድምፄን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው። ከአሁኑ እወቂው።»

ዝናሽ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠራረገች። ከዚያ ሁሉ ደጋፊ የሚወዳት አንድ ሰው ተገኘ፤ እሱም አይመርጣትም! ሳቅ አፈናት። ቅጹን ልትቀበለው እጇን ስትዘረጋ አድራሻው ባዶ መሆኑን አየች።

«አድራሻህስ? ዓይንህ አያይም እንዴ፣ አንተ ሰውዬ! ቢሮው ሊዘጋብኝ ነው እኮ!» ብላ ጮኸችበት።

«እንደሱ» አለ ፋራህ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ እየጻፈ። «እስቲ ድገሚው።»