ታዛቢዋ በአውጫጭኝ ፊት

እፀገነት ወደ መንዝ የመጣችው፣ መቅረጸ ድምፅ ሰው አፍ ላይ ደቅኖ «ምን ይሰማዎታል?» የሚለው ጋዜጠኝነት አንገሽግሿት ነው። አዲስ አበባ በወሰደችው ሥልጠና፣ ስለ ሰው ለመጻፍ አብሮት መኖር፣ አብሮት መሥራት፣ መታዘብ፣ በምንም ነገር ግን ጣልቃ አለመግባት እንደሚገባ ተነግሯታል። ስለዚህ ቀየት ከሚባለው ቦታ አቅራቢያ ወይዘሮ ተሾመች ቤት ገብታ ገብስ አረመች፣ ኩበት ጠፈጠፈች፣ የበግ ጠጉር ስትፈትል ጣቷን ላጠች። ጣልቃም አልገባችም። ክረምቱ ነው እሷ ላይ ጣልቃ የገባው፤ ጣሪያው እያፈሰሰ መኝታዋን አበሰበሰው።

አንድ ማለዳ ወይዘሮ ተሾመች በጉም ውስጥ ሸክም አዝለው መጡ። ጓሳ ነበር፤ አገሩ ለቤት ክዳን ብሎ ለዓመታት ከልሎ የሚጠብቀው፣ ካልተፈቀደ አንድ ጭብጥ የማይነካ ሣር።

«የሰው ልጅ ተረክቤ በብርድ ልግደላት?» አሉና ቀዳዳውን ደፈኑ።

እፀገነት አላገዘችም፣ አልከለከለችም። መታዘብ ነዋ!

ጓሳው ለአጨዳ ሊከፈት ሲቃረብ የታጨደው ቦታ ተገኘና አውጫጭኝ ተጠራ። ጥፋተኛው እስኪታወቅ አገሬው በሙሉ ተቀምጦ ያየውን የሰማውን በየተራ የሚናገርበት ሸንጎ ነው። ያጠፋ ቤት ከዘንድሮው አጨዳ ድርሻ የለውም፤ የሚቀጥለው መክፈቻ ደግሞ ገና ስንት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው።

እፀገነት ጥግ ልትይዝ ስትል የሸንጎው ዳኛ ጋሽ ኪዳነ ወልድ ጠሯት።

«ነይ እንጂ፣ ከሰው ጋር ተቀመጪ።»

«እኔ ታዛቢ ነኝ ጋሼ። ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ እኛስ የምንፈልገው ያየ ሰው አይደል?»

ሳቁ ሸንጎውን ዞረ። አንዱ ተነሥቶ፣ የገዛ ወንድሙ በጎች ክልሉ ውስጥ ሲግጡ ማየቱን ወንድሙ አጠገብ ቆሞ ተናገረ። ወንድሙም አንገቱን ደፍቶ «እውነቱን ነው» አለ። እፀገነት ፍርድ ቤትም ምክር ቤትም ተቀምጣ ዘግባለች፤ ቃል እንዲህ ሲከብድ ግን አይታ አታውቅም።

ተራዋ ደረሰ። ብትናገር ያስጠጓትን ሴት ጣሪያ ታሳጣለች፤ እዚህ ሰው ፊት ቆሞ መዋሸት ደግሞ ምላሷ አልታዘዝ አላት።

«አይቻለሁ» አለች። «ማን እንደሆነ ግን አልናገርም። ለኔ ተብሎ ነው የታጨደው። ከመኝታዬ በላይ ነው ያለው። ቅጣቱ የኔ ይሁን።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ወይዘሮ ተሾመችን አየ።

«ቁጭ በይ ልጄ፣ ምኑን ደበቅሽው!» አሉ ብድግ ብለው። «እኔ ነኝ። ፍረዱብኝ።»

ፈረዱባቸው።

ጓሳው የተከፈተ ቀን፣ እፀገነት ገብታ እንድታይ ጋሽ ኪዳነ ወልድ ፈቀዱላት። ወራት ሙሉ የጠበቀችው ይህንኑ ነበር። እሷ ግን ድንበሩ ላይ ከወይዘሮ ተሾመች ጎን ቀረች። ጉሙ ሲገለጥ ሣሩ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ እየተመመ ታየ፤ ነፋሱ ሲያልፍበት ተራራው ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። የአጫጆቹ ማጭድ ሁሉ ባንድ ጊዜ ብልጭ አለ። ወይዘሮ ተሾመች እልልታቸውን ለቀቁት።

«አይቆጭዎትም?» አለቻቸው።

«እንዴት አይቆጨኝ! ቤቴ ሊያፈስ ነው እኮ!» ዓይናቸውን ከሣሩ አልነቀሉም። «ግን እስቲ እይው። እንዲህ ሆኖ የቆየው እኔን የመሰለ ሁሉ እየተቀጣ አይደል?»

እንደገና እልል አሉ። እፀገነትም ሞከረች፤ አጠገባቸው የነበረ በግ ደንብሮ ሸሸ።